በገዛ እጄ የጻፍኩት ስም

ከሁሉ በላይ የሚያንገበግበኝ ጽሕፈቱ የእኔ መሆኑ ነው። ሌላ ሰው ጽፎት ቢሆን ኖሮ «ተሰረቅሁ» ብዬ፣ አልቅሼና ረግሜ ይወጣልኝ ነበር። ግን የጻፍኩት ራሴ ነኝ። ደሴ ውስጥ፣ ቴአትር ከምንለማመድበት አዳራሽ ወለል ላይ ተንበርክኬ፣ በቀይ ቀለም፣ አንድም ፊደል ሳይንጋደድብኝ፣ «የመድረክ ሥዕል» ከሚለው አጠገብ የሌላ ሰው ስም ጻፍኩ። ሥዕሉን የሣልኩት እኔ ነኝ። ሰውየው ቡርሽ እንኳ አልነካም። ስሙን ጽፌ ስጨርስ ደግሞ እንዲያምር ብዬ ፊደሎቹን በጥቁር ጥላ አጀብኳቸው። ለዚያች ጥላ ራሴን እስከ ዛሬ ይቅር አላልኩም።

ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። ደርግ ከወደቀ አራት አምስት ዓመት ቢሆነው ነው። ታሪኩን ከሥሩ ልናገር እንጂ እንዲህ ከመሃል ከጀመርኩት ስድብ ብቻ ነው የሚወጣኝ።

እኔ የኮምቦልቻ ልጅ ነኝ። አባቴ በወጣትነታቸው ከቢስቲማ ወርደው ኮምቦልቻ የገቡ ልብስ ሰፊ ነበሩ። እናቴን ገና ሳላውቃት ስላጣኋት፣ ከትምህርት ቤት መልስ የምውለው አባቴ የስፌት መኪናቸውን ዘርግተው ከሚሠሩበት የሱቅ በረንዳ ላይ፣ በቁርጥራጭ ጨርቅ መሃል ነበር። ልብስ የሚያሰምሩበት ጠፍጣፋ ጠመኔ ነበራቸው። የመጀመሪያ ሥዕሌን የሣልኩት በእሱ ነው፤ በጥቁር ካኪ ቁራጭ ላይ፣ ሱሪ ሊያስጠብብ የመጣን አንድ አፍንጫ ረጅም ሰውዬ። ሰውየው አይቶ ሳቀና ቁራጩን ይዞት ሄደ። አባቴ «ማሻአላህ» ብለው ሌላ ቁራጭ ሰጡኝ።

በመሠረተ ትምህርት ዘመን ቀበሌው ጎልማሳውን ሁሉ ፊደል ሲያስቆጥር፣ አባቴ ቁርአን ይቀሩ ነበር እንጂ አማርኛ ማንበብ አይችሉም ነበር። ክፍል ውስጥ ከጎረቤት ጋር ተቀምጠው መሳሳት አሳፈራቸው። «አንቺው አስቆጥሪኝ» አሉኝ። ሰባት ዓመቴ ነው። በዚያው ጠመኔ ካኪው ላይ እጽፍላቸዋለሁ፤ እሳቸው መኪናውን እየረገጡ ያነባሉ። ስለዚህ አባቴ ማንበብ የለመዱት ከመጽሐፍ ሳይሆን ከእኔ እጅ ነው። የእኔ ፊደል እግሩ ወፈር፣ ራሱ ቀጠን ይላል። ቆይቶ እንኳ ሰው ጋዜጣ ሲሰጣቸው «ይኼ የማን ጽሕፈት ነው? ልጄ ብትጽፈው ይገባኝ ነበር» ይሉ ነበር።

ሁለተኛው ነገር የመጣው ትምህርት ቤት ነው። አምስተኛ ክፍል ሆኜ በወላጆች በዓል ላይ የሰፈራችንን ጯሂ ደላላ ሆኜ ተጫወትኩ፤ አረማመዱን፣ ጣቱን እያፍተለተለ የሚምለውን መሐላ ሁሉ። ደላላው ራሱ ከፊት ተቀምጦ ነበር። ሰው ሁሉ እሱን እያየ ሲስቅ አየሁና በዚያው ተለከፍኩ። ከዚያ ወዲህ ሁለቱም ነገር ከእኔ ጋር አደገ። ማንም ግን አልወደደልኝም። የሥዕል መምህሩ «ድራማውን ተይውና እጅሽን አሠልጥኚ» አለኝ። የድራማ ክበቡ ኃላፊ «ቀለሙን ተይውና ድምፅሽን አሠልጥኚ» አለኝ። ጎረቤቶቻችን ደግሞ ሁለቱንም ትቼ እንዳገባ ፈለጉ። አየሁት እኮ፤ ወንድ ሁለት ሙያ ሲኖረው «እጁ የተባረከ» ይሉታል፤ ሴት ስትሆን «የማታርፍ» ይሏታል። አባቴ ብቻ «ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» እያሉ ይከራከሩልኝ ነበር። ሰው መሣል ሐራም ነው የሚል ደንበኛ ሲመጣባቸው ደግሞ «ልጅቱ የምትሥለው ግርግዳ ነው» ብለው ያልፉት ነበር።

አሥራ ሁለተኛ ክፍልን እንደጨረስኩ የሐረጎን ዳገት ወጥቼ ደሴ ገባሁ። ቀን ቀን የሱቅ ታፔላ እጽፋለሁ፤ ከሰዓት በኋላ ከአንድ የቴአትር ቡድን ጋር እለማመዳለሁ። አሥር አሥራ ሁለት ሰዎች ነበርን። የቡድኑ ኃላፊ፣ ቴአትሮቹን የሚጽፈውም የሚያዘጋጀውም አንድ ጎልማሳ ሰው ነበር። ያኔ ጋሼ እያልኩ አንቱ ነበር የምለው፤ አሁን ግን እንደምታዩት አንቱታው ጠፍቶብኛል። ውሸት አልናገርም፣ ማዘጋጀት ያውቅ ነበር። አንዲት ቃል የት ላይ ቆማ መተንፈስ እንዳለባት ከእሱ ነው የተማርኩት። ለዚህ ነው የበለጠ የምናደደው፤ ምንም የማያውቅ ሰው ቢሰርቀኝ ይገባኝ ነበር።

እኔ ጥቁር ነኝ። ጠይም አይደለሁም፤ ጠይም የሚባለው እኛ ዘንድ ሰው እንዳይከፋው ነው። ጥቁር። ቡድናችን ውስጥ ደግሞ ደንቡ የታወቀ ነበር፤ የምትወደደዋ፣ የምትታጨዋ፣ የምታለቅሰዋ ቀይ ልጅ ናት። እኔ ሠራተኛ ነኝ፤ ካልሆነም ጠንቋይ ወይም አልቃሽ። አንድ ቀን የዋናዋን ቦታ እንድሞክር ስለምነው ፊቴን እንደሚታገሠኝ ሰው አየና «እኔማ ደስ ይለኝ ነበር፤ መብራቱ ግን አያነሳሽም» አለኝ። ሁለት ፓውዛ ነበር ያለን። እንደ እሱ አባባል ጥፋተኞቹ ፓውዛዎቹ ናቸው። እቤቴ ሄጄ ትራስ ነክሼ ጮህኩ።

ከዚያ አዲሱ ቴአትር መጣ። ታሪኩ የአንድ ሀብታም ነጋዴ ቤተሰብ ነው። እኔ እንደተለመደው የቤት ሠራተኛዋ ነኝ፤ ሙሉውን ጊዜ ከጓዳው በር አጠገብ ግድግዳ ተደግፌ ቆሜ፣ መጨረሻ ላይ የቤቱን ገመና ሁሉ አንድ በአንድ የማወጣው እኔ ነኝ። የኋላውን ሥዕል፣ ማለትም የነጋዴውን ሳሎን፣ የምሥለውም እኔ ነበርኩ። እዚያ ላይ ነው ብልኃቴን የሠራሁት። ግድግዳውን በሙሉ ያኔ በደሴ ሀብታም ቤቶች እንደነበረው ድብን ያለ ሰማያዊ አደረግሁት። ከጓዳው በር አጠገብ ግን፣ ልክ እኔ የምቆምበትን ቁመትና ስፋት ያህል፣ ፈርሶ እንደ አዲስ የተለሰነ አስመስዬ በኖራ ነጭ አደረግሁት። ቀይዋ ልጅ ሰማያዊው ላይ አማረች። እኔ ነጩ ላይ ቆምኩ። ከመብራት ጋር የመጀመሪያውን ልምምድ ስናደርግ አዘጋጁ ከአዳራሹ መጨረሻ ሆኖ «አንቺ፣ ዛሬ ፊትሽን ምን ተቀብተሽ ነው?» ብሎ ጮኸ። «እኔ ምንም አልተቀባሁ ጋሼ፣ የተቀባው ግድግዳው ነው» አልኩት። ምን ለማለት እንደፈለግሁ የገባው አልመሰለኝም። ወይም ገብቶታል።

የሥዕሉን ጨርቅ የሰፉልኝ አባቴ ናቸው። ስድስት ቁራጭ አቡጀዲ ተሸክሜ እሑድ ጠዋት ኮምቦልቻ ወረድኩ። አባቴ ስፌቱ ከፊት እንዳይታይ ጠርዙን ወደ ኋላ እየቀለበሱ ገጠሙት፤ ሳሎን የሚያህል አንድ ጨርቅ ሆነ። ሁለታችንም ጫፍና ጫፍ ይዘን አጠፍነው። አጥፈን ስንጨርስ ነው የተናገሩት።

«አንድ ነገር ብቻ አስቸግርሻለሁ» አሉ።

«ምን አባ?»

«ስሜን በማስታወቂያ አታስጠሪብኝ። አንቺ የፈለግሽውን ሁኚ፣ አላህ ይጠብቅሽ፣ አልከለክልሽም። ግን ያንቺ ስም ሲጠራ የኔ ይከተላል። አብሬው የምሰግደው ሰው አለ። ‹ልጁ አዝማሪ ሆነችበት› እንዲሉኝ አልሻም።»

ጨርቁን ከሰፉልኝ በኋላ መናገራቸው እምቢ እንዳልላቸው ነው። ገብቶኝ ተናደድኩ። ግን አባቴ ናቸው፤ ሌላ ሰው የለኝም። «እሺ አባ» ብዬ ጨርቁን ተሸክሜ ሐረጎን መልሼ ወጣሁ።

ቴአትሩ ለዞን ውድድር ሊቀርብ ነበርና መመዝገቢያ ቅጽ መጣ። አዘጋጁ ቅጹን ይዞ፣ እኔ ትልቁን ማስታወቂያ የምጽፍበት ቦታ መጥቶ ቆመ። ተዋንያኑን በነጠላ ስም እንድጽፍ፣ ደራሲውን፣ አዘጋጁንና ሠዓሊውን ግን ከላይ በሙሉ ስም እንዳደርግ ነገረኝ። ከዚያ እንደ ቀላል ነገር፣

«ሥዕሉ ላይ የኔን አድርጊው» አለ።

«ለምን ጋሼ?»

«ደንብ ነዋ። አንድ ሰው ሁለት ቦታ አይመዘገብም። አንቺ በተዋናይነት ገብተሻል።»

ደራሲው እሱ ነው። አዘጋጁም እሱ ነው። አንድ ሰው ሁለት ቦታ አይገባም ያለኝ ሰው ሦስተኛው ቦታ ላይ ሲገባ ዓይኑን አላሸም። ቀና ብዬ ሳየው ፊቴን አንብቦ ሳቀና «ምን ታኮርፊያለሽ፣ ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቃል ይባል የለ?» አለ። እዚያ የነበሩት ሁሉ ሳቁ። ቀይዋ ልጅም ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ከሁሉም የሚያሳፍረኝ ይኼ የእኔ ሳቅ ነው።

ለምን ዝም አልኩ? ሙሉ ስም ማለት የአባቴ ስም ማለት ነው። አባቴ አታስጠሪብኝ ብለዋል። እንዲያውም ለአንድ አፍታ ቀለለኝ፤ ለሳቸው የገባሁት ቃል በራሱ ተጠበቀልኝ ብዬ። ዝም አይነቅዝም ይላሉ። ውሸት ነው፤ የእኔ ዝምታ ነቅዞ ዱቄት ሆኗል። ቡርሹን ቀይ ውስጥ ነክሬ የሰውየውን ስም ከነአባቱ፣ እግሩን ወፈር ራሱን ቀጠን አድርጌ፣ ጻፍኩለት።

ደሴ ላይ ሦስት ጊዜ አሳየን። ደሴ ብርድ ነው፤ ሰው ጋቢውን ተከናንቦ ነው የሚያየው፣ ለማጨብጨብም እጁን ከጋቢው ማውጣት አለበት። ቢሆንም በመጨረሻዋ ትዕይንት እጁ ሁሉ ወጣልኝ። ከዚያ ኮምቦልቻ እንድናሳይ ተጠራን፤ እሑድ ከሰዓት በኋላ። ለአባቴ አልነገርኳቸውም። ተዋናይ ሆኜ ማየት አይፈልጉም ብዬ ነበር።

ተመልካች መግባት ሲጀምር በመጋረጃው ቀዳዳ አጮልቄ በሩን አየሁ። አባቴ ቆመዋል። የጁምዓ ኮታቸውን ለብሰዋል። ሦስት ሽማግሌዎች ከጎናቸው አሉ፤ አንዱን ከመስጊዱ አውቃቸዋለሁ፣ ሁለቱ ለገበያ ከሐርቡ የሚመጡ ደንበኞቻቸው ናቸው። አባቴ በሩ ላይ ከተሰቀለው ማስታወቂያ ፊት ጣታቸውን እያስኬዱ ጮክ ብለው ያነባሉ። ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን ይነቀንቃሉ። ከቦታዬ ድምፃቸው አይሰማኝም። ጣታቸው ግን ከመስመር መስመር ወርዶ፣ ከታች ደርሶ፣ እንደገና ወደ ላይ ሲመለስ አየሁ። ሁለት ጊዜ ተመለሰ።

ያን ቀን እንደተጫወትኩት ተጫውቼ አላውቅም። አዳራሹ ሙቅ ነበር፤ ቀለሙ ላብ እንዳላበው ሰው ወዝቶ ይሸተኝ ነበር። ጀርባዬን ነጩ ላይ አስደግፌ፣ ንግግሬ እስኪደርስ ድረስ ሦስተኛው ረድፍ ላይ የአባቴን ነጭ ቆብ ብቻ አያለሁ። የነጋዴውን ጉድ ማውጣት ስጀምር ሰው ተንጫጫ፣ አንዲት ሴትዮ «እሰይ!» አለች። ስጨርስ የሐርቡ ሽማግሌዎች ቆመው አጨበጨቡ። አባቴ ተቀምጠዋል።

ልብሴን ሳልቀይር በጓሮ በር ወጣሁ። ጓደኞቻቸውን ሸኝተው ጥላ ስር ብቻቸውን ይጠብቁኝ ነበር።

«ጽሕፈቱ ያንቺ ነው» አሉ፤ ሰላም እንኳ ሳይሉኝ።

«አዎ አባ።»

«ሥዕሉስ?»

«የኔ ነው።»

«አውቄያለሁ። ያን ነጭ ግርግዳ ለራስሽ ነው የቀባሽው። ሌላው ሰው ሁሉ ግርግዳው ላይ ተለጥፎ ነው ያየሁት፣ አንቺ ግን ወጣሽ። ታዲያ ያ የተጻፈው ሰውዬ ማነው?»

«እርስዎ አይደሉ ስሜን አታስጠሪብኝ ያሉኝ!» ድምፄ ከፍ አለ። በሕይወቴ በአባቴ ላይ ድምፄን ያነሳሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

«ብያለሁ» አሉ። «ወላሂ ብያለሁ፣ አልክድም። ከዚያ ግን አሰብኩበት። ጨርቁን እኔ ሰፋሁት፣ ሥዕሉን ልጄ ሣለችው፣ ምኑ ነው የሚያሳፍረው አልኩ። እዚህ እንደምታሳዩ ገበያ ላይ ስሰማ ሰዎቹን ‹ኑ የልጄን ሥራ እዩ› ብዬ ለምኜ አመጣኋቸው። ሰው በር ላይ ሲያነብ ‹አንተ ፊደል ታውቃለህ፣ አንብብልን› አሉኝ። አነበብኩላቸው። ‹የመድረክ ሥዕል› ስል ቀና ብለው አዩኝ። የሰው ስም አነበብኩላቸው።» ኮታቸውን ቆለፉ፣ መልሰው ፈቱ። «ፊደሉን ሳየው ያንቺ ነው፤ ደግሜ ባነበው ስሙ ይመጣል ብዬ ነበር።»

ምን ልበል? በሳቸውም ተናደድኩ፤ አዎ፣ ተናደድኩ። አታስጠሪብኝ ብለው ከለከሉኝ፣ ከዚያ ስሜን ፈልጌ አጣሁት ይሉኛል! መከልከላቸውን በማግስቱ የመጀመሪያ መኪና ተሳፍረው መጥተው ቢያነሱልኝ ምን ነበር? እኔስ አንድ ጊዜ ልጠይቃቸው ብል ምን ነበር? አባትና ልጅ ተከባብረን፣ ተፋፍረን፣ ለሦስተኛ ሰው በር ከፈትንለት። እሳቸው አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። «አብሽሪ፣ በይ ልብስሽን ቀይሪ፣ ይበርድሻል» አሉኝ፤ በኮምቦልቻ ሙቀት።

በማግስቱ ጠዋት ደሴ እንደገባሁ አዘጋጁ ቤት ሄድኩ። ቁጭ በይ ቢለኝ እምቢ አልኩ። «ስሙ ይስተካከል፣ በሙሉ ስሜ ይጻፍ፣ አባቴ ፈቅደዋል» አልኩት።

«የምን አባት?» አለ፤ እውነትም አልገባውም።

ነገርኩት። ሰማኝ፤ ክፋቱ፣ ደህና አድርጎ ሰማኝ። ከዚያ «ወረቀቱ እኮ ሄዷል» አለ። «አሁን ለውጡልኝ ብል ቡድኑ ይሰረዛል። አሥራ ሁለት ሰው ባንቺ ስም ይውደቅ?»

ከዚያ ወጥቼ በቀጥታ አዳራሽ ገባሁና ከኮምቦልቻ የተመለሰውን ማስታወቂያ አውርጄ በነጭ ቀለም ስሙን ደመሰስኩት። የራሴን ልጽፍ ቀይ ቀለም ስበጠብጥ ቀይዋ ልጅ ደርሳ እጄን ያዘችው። ክፉ አልነበረችም። «አንቺ ትሄጃለሽ፣ እኛ ቀሪዎቹስ?» አለችኝ። እጄን ያዘችው ስላችሁ በጉልበት አይደለም፤ እኔው ነኝ ቡርሹን ያስቀመጥኩት። ማስታወቂያው ላይ ለውድድሩ እስክንሄድ ድረስ ያ ነጭ ቦታ ባዶውን ቆየ። ከዚያ ሌላ ሰው በእስክሪብቶ የሱን ስም መልሶ ጻፈበት፤ በሚያስጠላ ጽሕፈት።

ውድድሩ ላይ በሥዕል አንደኛ ወጣን። ምስክር ወረቀቱን እሱ ተቀበለ። ንግግር አድርግ ተብሎ «ቀለም እያቀበሉ የረዱኝን ልጆቼን አመሰግናለሁ» አለ። እኔ ከኋላው የሠራተኛዋን ሽርጥ አሥሬ ቆሜያለሁ። አጨበጨብኩ? አላጨበጨብኩም። ለራሴ ከምሰጠው ምስክርነት አንዱ ይኼ ነው፤ እጆቼን ሽርጡ ውስጥ ደብቄ ቆምኩ።

አቡጀዲ ውድ ነበርና አንድ ቴአትር ሲያበቃ ጨርቁ ታጥቦ ለሚቀጥለው ይሣልበት ነበር። ቀለማችን ዱቄት በኮላ የተበጠበጠ ስለሆነ በውኃ ይለቃል። አጣቢዎቹ ሴቶቹ ነን። እኔ ግን ማንም እንዲያግዘኝ አልፈለግሁም፤ ጨርቁን ጠቅልዬ ኮምቦልቻ ይዤው ወረድኩ። አባቴ ሱሪያቸውን ሰብስበው ቦርከና ወንዝ ውስጥ ገቡ። ሰማያዊው ወዲያው ለቀቀ፤ ውኃው ሰማያዊ ሆኖ ወረደ፣ ታች ልብስ የሚያጥቡ ሴቶች ጮኹብን። ነጯ ቦታ ኖራ ስለነበረባት አስቸገረች። አባቴ በሁለት እጃቸው አሿት። መሃል ላይ ቆም አሉና «ይቺን ብንተዋትስ?» አሉ። «አይሆንም፣ ጨርቁ የቡድኑ ነው» አልኳቸው። እስክትለቅ ድረስ አሸናት። ጨርቁን ለቡድኑ መልሼ አስረክቤ ሁለተኛ እዚያ አዳራሽ አልገባሁም።

መድረኩን ግን አልተውኩትም። ኮምቦልቻ ከወጣቶች ጋር፣ ሐርቡ ገበያ ላይ፣ አንድ ጊዜም ገራዶ መንገድ ዳር በጭነት መኪና ላይ ቆሜ ተጫውቻለሁ። ዋናዋንም ሆኛለሁ፤ የኋላውን ሥዕል የምሥለው እኔ ስለሆንኩ መብራቱ እያነሳኝ። አባቴ ጨርቅ እየሰፉ፣ ከፊት ተቀምጠው እያዩ ቆዩና ሞቱ። የመጨረሻዎቹን ማስታወቂያዎች ሁሉ በር ላይ ቆመው ለሰው ያነቡ ነበር። ግን ያቺን አንዷን አልረሷትም። ታመው ተኝተው እንኳ አንድ ቀን «ያ ሰውዬ ስምሽን መለሰልሽ?» ብለው ጠየቁኝ።

ብዙ ዓመት አልፎ ከደሴ አንድ የጥሪ ካርድ መጣልኝ። የቀድሞው ቡድናችን የተመሠረተበት ዓመት ሊከበር ነው። «ለቀድሞዋ ተዋናይት» ይላል። አልሄድም ብዬ ሄድኩ። አዳራሹ መግቢያ ላይ የድሮ ፎቶግራፎች ተለጥፈዋል፣ ከእያንዳንዱ ሥር በኮምፒዩተር የተጻፈች ካርድ አለች። የእኛም አለ፤ ሰማያዊው ሳሎን፣ ነጩ ቦታ ላይ ሽርጥ አሥራ የቆመች ጥቁር ልጅ። ከሥሩ «የመድረክ ሥዕል» ይልና የሰውየው ስም። እሱ ከሞተ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ስለ እሱ መሞት ምን እንደተሰማኝ አልዋሽም፤ ይቅርታ ሳይጠይቀኝ ስላመለጠኝ ነው የተናደድኩት።

ደረቱ ላይ ባጅ ያደረገ ወጣት ኃላፊ ነበር፤ ትሁት ልጅ። ጠራሁትና ስሙ ስህተት እንደሆነ ነገርኩት።

«ማስረጃ አለዎት እትዬ?»

«ጨርቁ ታጥቧል። ማስረጃው ፎቶው ነው። ቤቱ ሁሉ ሰማያዊ ሆኖ ይኼ ብቻ ለምን ነጭ ሆነ? እዚያ የምትቆመው ልጅ ስለሣለችው ነው። ይቺ ልጅ እኔ ነኝ።»

ጎንበስ ብሎ በደንብ አየው። «ምናልባት የካሜራው መብራት አርፎበት ይሆናል» አለ።

ሳቄ መጣ፤ የሚያቃጥል ሳቅ። ልጁ አዝኖልኝ «ለሚቀጥለው ዓመት እርስዎንም በተባባሪነት እናስገባዎታለን» አለኝ። በተባባሪነት! ለገዛ ሥዕሌ! እጄን ሰድጄ ካርዷን ከግድግዳው ላጥኳትና ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኳት።

«እትዬ! ምን እያደረጉ ነው?»

«ማስረጃ እየሰበሰብኩ» አልኩት። ምሳም ሳልበላ ወጥቼ ወደ ኮምቦልቻ ተሳፈርኩ። ፎቶው ያን ቀን ያለ ስም ዋለ።

አሁን መናኸሪያው አጠገብ የታፔላ ቤት አለኝ። ከደጄ በላይ ያለው ታፔላ ላይ የእኔ ስምና የአባቴ ስም በእኩል ቁመት፣ እግሩ ወፍሮ ራሱ ቀጥኖ ተጽፏል። እንግዳ ሰው ገብቶ «ጸሐፊው የለም?» ሲለኝ አሁንም ደሜ ይፈላል። ያቺን ካርድ ከሥራ ጠረጴዛዬ በላይ ሰቅያታለሁ፤ ቀለም ስበጠብጥ እሷ ላይ ነው ቡርሼን የምሞክረው። ቀዩም፣ ሰማያዊውም፣ ኖራውም አርፎባታል፤ ምን እንደተጻፈባት ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም።

እዚህ ጽሑፍ ውስጥ የማንንም ስም አልጠራሁም። የአባቴን የሚፈልግ ኮምቦልቻ መጥቶ፣ ደጄ ላይ ቆሞ፣ ቀና ብሎ ያንብብ። የሰውየውን ግን አንድ ጊዜ በገዛ እጄ፣ ከነጥላው ጽፌለታለሁ፤ ይበቃዋል።